በኮባ የተጠቀለለው ቅቤ

የአማቴን ስም እዚህ ላይ አልጠራም። ድሮም ጠርቼው አላውቅም። በሀዲያ ባህል ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። እኔ ሆሳዕና ተወልጄ ባድግም ወላጆቼ ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን የመጡ ኦርቶዶክሶች ስለነበሩ ይህን የተማርኩት ካገባሁ በኋላ ነው። "አማ" እላቸዋለሁ። በሀዲይኛ እናት ማለት ነው። ባሌ እንደዚያ ሲላቸው ሰምቼ ያዝኩት፤ እሳቸውም አልከለከሉኝም።

ባሌ ደቡብ አፍሪካ የሄደው እኔ ነፍሰ ጡር ሆኜ ነው፤ ግን ማርገዜን እሱም እኔም አናውቅም ነበር። በእኛ ከተማ የሰው ባል ደቡብ አፍሪካ መሄዱ ወሬ አይሆንም። ይልቅ ያልሄደ ነው "ምነው፣ አመመህ?" ተብሎ የሚጠየቀው። ደርሶ "ሎኬሽን" በሚሉት ሰፈር ካንድ ያገሩ ልጅ ሱቅ ገባ። እኔ ከእናቱ ጋር ቀረሁ፤ ከኋላው የእንሰት ጓሮ፣ ከፊቱ ክረምት ከበጋ የማይደርቅ ጭቃ ባለው ቤት።

አስተማሪ ነኝ። አራተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ጠባዬ ቀላል አይደለም፤ ስህተት አይቼ ዝም ማለት አልችልም፣ የሰው ምክርም ቶሎ አይገባኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ለሚመጣው ነገር አማቴ ብቻ እንዳይወቀሱ ነው።

ለመጀመሪያው የእርግዝና ምርመራ የሄድኩት ሰፈራችን ካለው ጤና ጣቢያ ነበር። ደም ሰጠሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ተጠራሁ። ውጤቱን የነገረችኝ ነርስ የተማሪዬ እናት ሆና ተገኘች። በሩን ዘግታ እጄን ያዘችና ቫይረሱ በደሜ ውስጥ እንዳለ፣ መድኃኒቱን ዛሬውኑ ከጀመርኩና በሥርዓቱ ከወሰድኩ ልጄ ነጻ ሆኖ ሊወለድ እንደሚችል ቀስ ብላ አስረዳችኝ። "መምህር፣ ይሰማሻል?" አለችኝ። እኔ የሰማሁት "መምህር" የምትለውን ቃል ብቻ ነው። ነገ የወላጆች ስብሰባ ላይ ይህችን ሴት እንዴት ብዬ ነው የማያት? ያን ቀን ያስጨነቀኝ ይህ ነበር ብል ማን ያምነኛል? ሞትም፣ ልጅም፣ ባልም ከዚያ በኋላ ነው የመጡብኝ። ሴትየዋ እስከ ዛሬ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። እኔ ግን በሁለተኛው ሳምንት ክትትሌን ወደ ዱራሜ አዛወርኩ።

ዱራሜ የከምባታ ከተማ ናት። ከሆሳዕና መናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ በአንጋጫ በኩል አቧራውን ወይ ጭቃውን እየቀመስኩ እደርሳለሁ። ለአማቴ "ስልጠና አለብኝ" አልኳቸው። አስተማሪ መሆን ለዚህ ይጠቅማል፤ መንግሥት አስተማሪ ማሰልጠን አይሰለቸውም። ዱራሜ ማንም አያውቀኝም ብዬ ነበር። የመጀመሪያ ቀን መድኃኒት መቀበያው በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ስቀመጥ ከጎኔ ያለችው ሴት በሀዲይኛ ስልክ ታወራለች። ከእሷ ወዲያ ያለችው ከሙዱላ ነው የመጣችው። የዱራሜ ልጅ በወንበሩ ላይ አልነበረችም። የዱራሜዎቹ ደግሞ ሆሳዕና ነው የሚከታተሉት። ሁላችንም ከሰፈራችን ሸሽተን አንዳችን የሌላውን ሰፈር ወንበር ሞልተናል፤ መንገድ ላይ ሚኒባሶቻችን ይተላለፋሉ። ሳቄ መጣ። የምስቅበት ሰው ግን አጠገቤ አልነበረም፤ ስለዚህ ዋጥኩት።

እዚያ አንዲት አማካሪ እናት ነበረች። ራሷ ከቫይረሱ ጋር የምትኖር፣ ሁለት ነጻ ልጆች ወልዳ ያሳደገች፣ እንደኛ ያለችውን የምትመክር ሴት ናት። የሀደሮ ልጅ ናት፤ ስትናገር ድምጿን አትቀንስም። "ስሚ የኔ እህት፣ አንቺ መድኃኒትሽን አታቋርጪ። ልጁ ሲወለድ ስድስት ሳምንት ሽሮፕ ይወስዳል፣ በየቀኑ። ስድስት ወር ከጡትሽ በቀር በአፉ ምንም አይገባም። ውሃ የለም፣ የላም ወተት የለም፣ ቅቤ የለም። ጡት ካልሽ ጡት ብቻ። ስታደባልቂው ነው ሆዱ የሚቆስለውና ቫይረሱ መግቢያ የሚያገኘው" አለችኝ። ከዚያ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ ጠየቀችኝ። አማቴን ነገርኳት። "ንገሪያቸው" አለች። "አንድ ሰው ቤት ውስጥ ይወቅልሽ። ብቻሽን አትችዪውም።"

"እችላለሁ" አልኳት። ተናድጄ ነበር። ለምን እንደተናደድኩ ዛሬም በደንብ አላውቅም።

ለባሌ ግን ነገርኩት። እሱም መመርመር ስላለበት መንገር ግዴታዬ ነው ብዬ፣ አንድ እሑድ ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ሆኜ በኢሞ ደወልኩ። ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ እኔም አላውቅም፣ አልከስህም አልኩት። ፊቱ በስክሪኑ ላይ ቆሞ ቀረ። ኔትወርኩ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን ዓይኑን ሲጨፍን አየሁት። "አይሰማም" አለና ዘጋው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ እኔ ስልክ ደውሎ አያውቅም።

ወደ እናቱ ግን ይደውላል፤ እሑድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ። እሳቸው ከልጃቸው ጋር በሀዲይኛ አውርተው ሲጨርሱ ስልኩን ወደ እኔ ይዘረጋሉ። "እንቺ፣ ባልሽ" ይላሉ። ጆሮዬ ጋ ሳደርሰው ተዘግቷል። የመጀመሪያው እሑድ ደንግጬ ዝም ልል ነበር፤ አማቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ያዩኛል። "አለሁ፣ ደህና ነኝ" አልኩ ለተዘጋው ስልክ። "አዎ... እበላለሁ... እሺ፣ እሺ። አንተም በርታ።" ከዚያ በኋላ ለመድኩት። እንዲያውም እያደር ጎበዝ ሆንኩ፤ እስቅ ነበር፣ "አንተ ደግሞ!" እል ነበር። አንድ እሑድ ስለ ትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ረዥም ታሪክ አወራሁለት። ስልኩን መልሼ ሰጥቻቸው ጓሮ ስገባ እንሰቱ ሥር ቆሜ አለቀስኩ። እውነቱን ለመናገር፣ የሌለ ሰው ማናገር ቀስ በቀስ ደስ ይለኝ ጀምሮ ነበር። ያስለቀሰኝም ይህ ነው።

መድኃኒቴን የማስቀምጠው የቫይታሚን ዕቃ ውስጥ ነበር። ክኒኑ ሲንቀሳቀስ ስለሚንኳኳ ጥጥ ጠቀጠቅኩበት። ጠዋት ጠዋት ወደ ክፍል ከመሄዴ በፊት፣ አማቴ ጸሎት ላይ ሳሉ እውጣለሁ። በአንድ ግድግዳ ማዶ እሳቸው ጮክ ብለው ስለ እኔና ስለ ማሕፀኔ ፍሬ ይለምናሉ፤ በዚህ በኩል እኔ ክኒኔን በውሃ አወራርዳለሁ። ሁለታችንም አንድ ነገር ነበር የምንፈልገው።

እሳቸው ደግሞ የራሳቸው ዝግጅት ነበራቸው። ቦኖሻ አካባቢ ወንድማቸው ከብት አለው። ሆዴ መታየት ከጀመረ ወዲህ ከዚያ የሚመጣው ቅቤ ሁሉ ለወሊዱ ነው የሚቀመጠው። ለእኔ አታካና የሚሠራበት አለ፤ ቡላው በወተትና በቅቤ ተገንፍቶ ወላድ የምትጠነክርበት ምግብ ነው። ለሕፃኑ ደግሞ ለብቻው፣ አዲስ የተናጠ፣ በኮባ የተጠቀለለ ይመጣል። ልጅ ሲወለድ ከዚያ ጣት ጫፍ የምታክል ያውጡታል፤ ጉሮሮው እንዲለሰልስ፣ ሆዱ እንዲጠራ። ባሌም እንዲሁ ነው ያደገው። አማቴ ኮባውን ፈታ አድርገው ያስሸትቱኝና "ይሄ የልጅሽ ነው" ይሉኛል። እኔ ፈገግ እላለሁ።

በቅቤ ጉዳይ ቤተሰቦቻችን መካከል የቆየ ነገር ነበር። ባሌ እኔን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ እሺ ከተባለ በኋላ አማቴ እናቴን ቤታቸው ጠርተዋት ነበር። ቀኑ ዓርብ ነው። ያለ የሌለውን ቅቤ አፍስሰው አታካና ሠርተው አቀረቡላት። እናቴ ጾመኛ ናት፤ ዓርብ ቅቤ አትቀምስም። አማቴ ጴንጤ ናቸው፤ ዓርብን ከሐሙስ አይለዩም። እናቴ ደግሞ "ጾም ነው" ብላ ከማስረዳት ይልቅ አፍራ "ጠግቤያለሁ" አለች። ሳህኑ እንደቀረበ ተመለሰ። አማቴ የሰሜን ሰዎች ምግባችንን ተጸየፉት ብለው ያዙ። እናቴ በዓመቱ አረፈች፤ ነገሩን ያቃና ሰው አልነበረም። እኔ ነበርኩ ማስረዳት የነበረብኝ፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

ሴት ልጅ ወለድኩ። ሐኪሞቹ በቀጠሩኝ ቀን "ስልጠና" ብዬ ሄጄ እዚያው ምጥ ያዘኝ። ከወለድኩ በኋላ ደወልኩላቸው። አማቴ በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ዱራሜ ደረሱ፤ ነጠላቸው በጭቃ ተረጭቷል፣ ብብታቸው ሥር ኮባው አለ። ልጅቷን አይተው "ጌታ ይመስገን" እያሉ አለቀሱ። ከዚያ ኮባውን መፍታት ጀመሩ።

"ሐኪሞቹ ከልክለዋል፣ አማ።"

"ሐኪሙንም እናቱ ቅቤ አውጣዋለች" አሉኝ። "ያ ሁሉ ትምህርት የገባው በደረቅ ጉሮሮ ነው?"

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ወላዶች ሳቁ። እኔም ሳቅኩና ልጅቷን ወደ ደረቴ አስጠግቼ ሸፈንኳት። አማቴ ኮባውን መልሰው ጠቀለሉ። ለዚያን ቀን አለፈ።

ቤት ስንገባ ግን የሚያልፍ አልሆነም። ልጄን ከእቅፌ አላወርድም አልኩ። ሽንት ቤት ይዣት እሄዳለሁ። ገላዬን ስታጠብ ከፊቴ ሰፌድ ላይ አስተኛታለሁ። ሽሮፑን መርፌ በሌለው ስሪንጅ ለክቼ ስሰጣት በር እቆልፋለሁ፤ "ለሆድ ቁርጠት ነው" እላለሁ። አማቴ እጃቸውን ሲዘረጉ "አሁን ተኝታለች"፣ "አሁን ጡት ልትጠባ ነው"፣ "አሁን ታለቅሳለች" የማልለው የለም። የልጅ ልጃቸውን ሳምንት ሙሉ ከሩቅ አዩ። እንግዳ ሲመጣ "እንኳን ጌታ ማረሽ" ይለኛል። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" የሚለኝ አንድ ሰው አልነበረም፤ ከእናቴ በኋላ እንደዚያ የሚለኝ ማን አለ? ይህ ቀላል ነገር እንዴት አድርጎ ሆዴን እንዳባባው አልናገርም።

በስምንተኛው ቀን አማቴ በሩ ላይ ቆመው "እጄ ይሸታል?" አሉኝ።

"ምን?"

"እናትሽም ጠግቤያለሁ ብላ ነው የሄደችው። ቅቤያችን ይሸታችኋል። እወቂው ብዬ ነው እንጂ አልተቆጣሁም።"

መልስ ነበረኝ። እውነተኛው መልስ አንድ ቃል ነበር። እኔ ግን "እንደሱ አይደለም፣ አማ" ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። እንደተናቁ እያመኑ ወጡ። ልጄን ለማትረፍ ሌላ መንገድ ያለ አልመሰለኝም ነበር።

በአሥረኛው ቀን እንቅልፍ ጣለኝ። ቁጭ እንዳልኩ፣ ከሰዓት፣ ፀሐይ በመስኮት ገብቶ። ስነቃ ጭኔ ላይ ማንም የለም። ሳሎን ደረስኩ። አማቴ ዝቅተኛዋ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጅቷ ጉልበታቸው ላይ ናት፣ ኮባው ወለሉ ላይ ተፈትቷል፣ የቀኝ እጃቸው ጣት በቅቤ ያበራል። ቤቱ በሙሉ ቅቤ ቅቤ ይሸታል።

ልጄን ነጠቅኳቸው። በቀሚሴ ጫፍ አፏን መጥረግ ጀመርኩ፣ ጣቴን አፏ ውስጥ ከትቼ ምላሷን ጠረግሁ፤ ልጅቷ ጮኸች። "ገደልሽብኝ!" አልኳቸው። አንቺ ብዬ። "ቫይረሱ አለብኝ! ኤች አይ ቪ አለብኝ፣ ሰማሽ? ከጡት ሌላ ከቀመሰች ይይዛታል ተብያለሁ! ገደልሽብኝ!"

አማቴ አልተነሱም። ጣታቸውን አንድ ጊዜ አዩት፣ ከዚያ እኔን።

"አናቷን ነው የቀባሁት" አሉ።

የልጅቷን ራስ ዳሰስኩ። የምትርገበገበዋ የአናቷ ቦታ ላይ ቅቤው ቀልጦ ፀጉሯን አርሶታል። አፏ ንጹሕ ነበር፤ እኔ ራሴ በጥፍሬ ከንፈሯ ላይ ያወጣሁት ጭረት ብቻ ነው ያለው። ስምንት ወር የደበቅኩት ነገር ለምንም ሳይሆን ከአፌ ወጣ። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ልጄስ ያውቃል?" አሉኝ።

"ነግሬዋለሁ። ለዚያ ነው የማያናግረኝ።"

"እንደማያናግርሽ አውቃለሁ" አሉ። "ስልክ ሲዘጋ ጡጥ ጡጥ ይላል። ጆሮዬ ደህና ነው። አስተማሪ ሆነሽ መዋሸት አትችዪበትም።" ከዚያ ዓይናቸውን ወደ በሩ አዞሩ። "እዚያ ሌላ ሚስት ያገባብሽ መስሎኝ ነበር። በልጄ አፍሬ ነው ሳልጠይቅሽ የኖርኩት።"

ለካ በየእሑዱ የዳይሬክተሩን ታሪክ ሳወራ፣ ስስቅ፣ "አንተ ደግሞ!" ስል፣ እሳቸው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ሁሉንም ያውቁ ነበር። ተነሡ፣ ኮባውን ጠቀለሉ፣ ነጠላቸውን ለበሱና ወጡ።

ሊያወሩ ነው የሄዱት አልኩ በልቤ። ቦርሳ አወጣሁ። ጨርቆቿን፣ ሽሮፑን፣ የክትትል ካርዷን ከተትኩ። ወዴት እንደምሄድ ግን አላውቅም ነበር። ያለኝ አንድ ወንድም አዲስ አበባ ነው፤ እሱም ምንም አያውቅም። ቦርሳውን ዘግቼ ጫማዬን እየፈለግሁ ሳለ የአማቴ የጸሎት ቡድን ሴቶች ሳሎን ገቡ። አራት ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ ሐሙስ ሐሙስ አብረው የጸለዩ፣ አንዷ ስትታመም ሌላዋ እንሰቷን የምትፍቅላት፣ ሐዘን ላይ አብረው የሚያድሩ ሴቶች ናቸው። ወተትና ቅቤ ይዘዋል። ትልቋ ኮባዋን እየፈታች "አምጪያት እስቲ፣ እኛም እናውጣት" አለችኝ።

አማቴ ከኋላቸው ገቡ። ሄደው የነበረው ጓሮ ድረስ ነው ለካ፤ እግራቸው አፈር ነው።

"አይሆንም" አሉ። "ይህችን ልጅ ለጌታ ሰጥቻታለሁ። ስድስት ወር ከእናቷ ጡት በቀር በአፏ ምንም እንዳይገባ ስለት ተስያለሁ።"

አማቴ ውሸት ሲሰሙ የሚያማቸው ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ ለጎረቤት "ቤት የለችም በይ" ብዬ አንዲት ተማሪዬን ስለላክሁ ሦስት ቀን አኩርፈውኛል። ደግሞ የመረጡት ውሸት! ስለት በእነሱ ዘንድ የኦርቶዶክስ ነው፤ እነሱ ይጸልያሉ እንጂ አይሳሉም። ትልቋ ሴትዮ እኔን አየችኝ፣ እሳቸውን አየቻቸው፣ ቅቤዋን መልሳ ጠቀለለች። "ሐናም የተሳለችው ለወንድ ልጅ ነው" አለች ቅር ብሏት። ወተቱን ሳያስቀምጡ ነው የሄዱት።

በሳምንቱ ወሬው ደረሰን፤ ምራቷ አሮጊቷን ወደ ራሷ ሃይማኖት እየሳበቻት ነው። አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ መጥተው ከአማቴ ጋር ለብቻቸው ረዥም ሰዓት ተነጋገሩ። በቀጣዩ ሐሙስ አማቴ ለጸሎት ወጥተው ቶሎ ተመለሱ። "ደክሞሻል፣ ለጊዜው እረፊ አሉኝ" አሉ ነጠላቸውን ሚስማር ላይ እየሰቀሉ። "ስጸልይ ደክሞኝ አያውቅም እኮ።" አንጀቴን በሉኝ።

"ልንገራቸው፣ አማ? እውነቱን ልንገራቸውና ይተውዎት?"

"ዛሬ ብትነግሪያቸው ነገ ቦኖሻ ገበያ ይደርሳል። ልጅቷ እዚህ ነው የምታድገው፣ እዚህ ነው ትምህርት ቤት የምትገባው። ተዪው።"

ተውነው። ሴቶቹ መምጣት ተዉ። መንገድ ላይ ሰላም ይሉናል፤ አይቆሙም። ቀድሞ በየቀኑ ሰው የማያጣው ሳሎን ውስጥ እኔና እሳቸው ፊት ለፊት ተቀምጠን ልጅቷን እናያለን። የሽሮፑን ሰዓት ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያስታውሳሉ፤ ስሪንጁን ብርሃን ላይ አንስተው መስመሩን ካላዩ አያምኑም። የእኔንም መድኃኒት "ዋጥሽ?" ሳይሉ ከቤት አያስወጡኝም። ጥጡን ከዕቃው ውስጥ አወጣሁት፤ ክኒኑ ቢንኳኳም ግድ አልነበረም። ይህ ሁሉ ደግ ነገር ነው፤ አውቃለሁ። ግን የእሳቸው ሐሙስ በእኔ ምክንያት ባዶ መሆኑን እያየሁ ደስ ሊለኝ አልቻለም። እኔ ቀድሞም ብቸኛ ነበርኩ። እሳቸው አልነበሩም።

በስድስተኛው ሳምንት ከተረከዟ ደም ወስደው ወረቀት ላይ አንጠባጠቡ። ውጤቱ ሲመጣ ነጻ ነበር። "ገና ነው" አለችኝ የሀደሮዋ አማካሪ፤ "ጡት እየጠባች ነው፣ የመጨረሻው ምርመራ በዓመት ከስድስት ወሯ ነው። አንቺ መድኃኒትሽን ያዢ።" ስድስት ወር የሞላት ቀን አማቴ አዲስ ቅቤ በኮባ ይዘው መጡ። ጣታቸውን ነክረው ልጅቷ አፍ አጠገብ አቆሙና ወደ እኔ ዞሩ።

"አሁን ይቻላል?" አሉኝ። በገዛ ቤታቸው ለገዛ የልጅ ልጃቸው ፈቃድ ጠየቁኝ።

"ይቻላል፣ አማ" አልኩ። ልጅቷ ጣታቸውን እየጠባች ሳቀች። እናቴ ያን ዓርብ ለምን እንዳልበላች የነገርኳቸው በዚያች ሰዓት ነው። "ምነው ያኔ በነገርሽኝ" ብቻ አሉ።

ለመጨረሻው ምርመራ ሁለታችንም ሄድን። ልጅቷን ያዘሏት እሳቸው ናቸው። አግዳሚው ወንበር ላይ የተቀመጡትን ሴቶች ሁሉ ገበያ እንደተገናኘ ሰው ጮክ ብለው ሰላም አሏቸው፤ አንዷ በሻርፗ ፊቷን ስትሸፍን "ምን ያሳፍራል? ልጅ ይዘሽ ነው የመጣሽው" አሏት። እኔ መሬቱን አየሁ። ተጠራን። የልጅቷን ጣት ወጉ፤ ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ጠበቅን። ያን ያህል የረዘመ ጊዜ አላውቅም። አማካሪዋ ከበሩ ወጥታ ገና ሳትናገር ፊቷ ላይ አየሁት። "ነጻ ናት" አለች። አማቴ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ በሀዲይኛ መጸለይ ጀመሩ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከሐሙስ ቡድናቸው ከተለዩ ወዲህ በሰው ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲጸልዩ ያን ቀን ነው የሰማኋቸው።

እሑድ እንደተለመደው ስልኩ ጠራ። አማቴ ሰላምታውን አላስረዘሙም። በሀዲይኛ ነው የሚናገሩት፤ እኔ ባልናገረውም ሁሉንም እሰማለሁ።

"ልጅህ ነጻ ናት" አሉት። ቀጠሉ። "እኔ አውቃለሁ። ከተወለደች ጀምሮ አውቃለሁ። አንተስ ተመርምረሃል?"

አማቴ ስልኩን ከጆሮአቸው አውርደው ወደ እኔ ዘረጉት። ልጅቷን አንሥተው ጓሮ ወጡ፤ በሩን ገርበብ አደረጉት።

ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ጡጥ ጡጥ አይልም። ከሩቅ አንድ የሱቁ ገዢ በማላውቀው ቋንቋ የሆነ ነገር ይጠይቃል፤ የሚተነፍስ ሰው አለ። ለተዘጋ ስልክ ስንት ወሬ ስፈጥር የኖርኩ ሴት ለተከፈተው አንድ ቃል አጣሁ።

"አልተመረመርኩም" አለ በመጨረሻ። "ፈራሁ።"

"አብሮህ የሚሄድ ሰው የለም?"

"ማን አለኝ? ለማንም አልነገርኩም። ብቻዬን ነኝ" አለ።

"እኔም ነበርኩ" አልኩት።